ጦስኝ፣ ኮሶና ጤና አዳም፦ ስለ አንቲኦክሲዳንት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በጣርማበርና በመንዝ፣ ጦስኝ ለሻይና ለወጥ ማጣፈጫ ሲውል ኖሯል። በቅርብ ዓመታት ግን «አንቲኦክሲዳንት አለው»፣ ማለትም ፍሪ ራዲካል የተባሉትን ሕዋስን ሊጎዱ የሚችሉ ሞለኪውሎች የሚያረጋጋ ውህድ ይዟል፣ የሚለው አባባል ከጦስኝም ከሌሎች የመድኃኒት ዕፅዋትም ጋር እየተያያዘ ይነገራል። አባባሉ ውሸት አይደለም፤ ከእርሱ የሚወሰደው ድምዳሜ ግን ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ትቶ በቅጠል ላይ ብቻ ተስፋውን የጣለ ሕመምተኛን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሳይታረም መታለፍ የለበትም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ በቤተ ሙከራ ከፍተኛ የአንቲኦክሲዳንት ውጤት ያስመዘገበ ንጥር (ከዕፅ በፈሳሽ ተሟሙቶ የወጣ ውህድ) በሰውነት ውስጥም እንዲሁ ይሠራል።

እውነታው፦ ከተለመዱት መለኪያዎች አንዱ ዲፒፒኤች የተባለ፣ ራሱ ፍሪ ራዲካል የሆነ ሐምራዊ ውህድ ነው። የዕፅዋቱ ንጥር ሲጨመርበት፣ በንጥሩ ውስጥ ያሉት ፌኖሎች (አንቲኦክሲዳንት የሆኑ የዕፅዋት ውህዶች) ሃይድሮጅን ስለሚሰጡት ሐምራዊው ቀለም እየደበዘዘ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ መሣሪያውም የቀለሙን መቀነስ 517 ናኖሜትር ላይ ይለካል። ይህ ውህድ ግን በሰው አካል ውስጥ ፈጽሞ የለም። ከዚያም በላይ፣ የተጠጡት ፖሊፌኖሎች (ከእነዚሁ ፌኖሎች የሚመደቡ ውህዶች) አብዛኞቹ ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፉት በጥቂቱ ብቻ ሲሆን፣ ያለፉትም በጉበት ተለውጠው ብዙም ሳይቆዩ በሽንት ይወገዳሉ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግቦችን የአንቲኦክሲዳንት መጠን ይዘረዝር የነበረውን ሰንጠረዥ በ2012 እ.ኤ.አ. ያነሳውም፣ ቁጥሮቹ በሰው ጤና ላይ የሚያመጡት ውጤት እንደሌለ እየታወቀ ለምርት ማስተዋወቂያ ስለዋሉ ነበር። በብዙ ጥናቶች ንጥሩ የሚወጣው በሜታኖል መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ ሜታኖል መርዝ ስለሆነ አይጠጣም፣ በፈላ ውሃ የተዘጋጀ ሻይም ያንኑ ውህድ በዚያው መጠን አይይዝም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ፍሪ ራዲካል ሁሉ ጠላት ስለሆነ አንቲኦክሲዳንት በበዛ ቁጥር ይሻላል።

እውነታው፦ ነጭ የደም ሕዋሳት ባክቴሪያን የሚገድሉት ከእነዚሁ ጋር በሚመደቡ ውህዶች ነው። በፊንላንድ 29,133 አጫሾችን ያሳተፈና በ1994 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ በየቀኑ 20 ሚሊግራም ቤታካሮቲን የተባለ አንቲኦክሲዳንት የወሰዱት ሰዎች በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድል 18 በመቶ ጨምሮ አግኝቶታል። የተሰጠው እንክብል እንጂ ሻይ አይደለም፤ ሆኖም «ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም» የሚለውን እምነት ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ አንቲኦክሲዳንት ያለው ዕፅ መርዛማ ሊሆን አይችልም።

እውነታው፦ ሁለቱ አይገናኙም። በወፍ ዋሻ ደን የሚገኘው ኮሶ ለኮሶ ትል ሲያገለግል የኖረ ቢሆንም፣ መጠኑ ሲበዛ የዓይን ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። ጤና አዳምም ቡና ላይ ጣል ሲደረግ ከሚሰጠው መዓዛ አልፎ ተጨምቆ በብዛት ከተጠጣ ጽንስ የማስወረድ አደጋ ስላለው፣ ነፍሰ ጡር ሴት ልትርቀው ይገባል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የዕፅዋት ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ይበልጥ ይጠቅማል።

እውነታው፦ ፖሊፌኖል የበዛባቸው መጠጦች በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን አይረን ስለሚይዙት፣ ሰውነት የሚያገኘው መጠን ይቀንሳል። የደም ማነስ ያለበት ሰው ሻዩን ከምግብ ሰዓት ማራቅ ይኖርበታል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ እንግዲያው የዕፅዋቱ አንቲኦክሲዳንት ጥቅም የለውም።

እውነታው፦ ይህም ስህተት ነው። ቅባት ከአየር ኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ ሽታውና ጣዕሙ የሚለወጠው አንዱ ፍሪ ራዲካል ሌላውን እያስነሳ በሚቀጥል ሰንሰለት ሲሆን፣ ፌኖሎች ይህን ሰንሰለት ይቆርጡታል፤ እዚህ ላይ በመካከል የሚገባ አንጀትም ጉበትም የለም። ከጥብስ ቅጠል የሚወጣው ንጥር በምግብ ፋብሪካዎች ዘይት እንዳይበላሽ የሚጨመረው በዚሁ ምክንያት ነው። ቅቤ ሲነጠር የሚገቡት ኮሰረት፣ ኮረሪማና እርድም ፌኖል አላቸው፤ ንጥር ቅቤ ሳይበላሽ የሚቆየው በዋናነት ውሃው ስለሚወጣ ቢሆንም፣ እናቶች ለመዓዛ ብለው የሚጨምሩት ቅመም በዚህ ረገድም ድርሻ አለው።