ዳንቴል፣ ቡናና ድፎ፦ የመሀል አዲስ አበባ የእጅ ስጦታ

በመሀል አዲስ አበባ፣ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስ እስከ ልደታ ባሉ ሰፈሮች፣ የዳንቴል ሥራ ብቻውን አይሄድም። ከቡና ጋር ነው የሚሄደው። ቡናው እስኪፈላ ኪሮሽ ይወጣል፣ ክር ከፌስታል ይመዘዛል፣ ወሬ ይጀመራል። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ አንድ ትንሽ የብርጭቆ ማስቀመጫ ያልቃል። ወሬው ከጣመ ደግሞ አያልቅም። በመሀሉ ቆሎ ይዘገናል፣ ዳቦ ይቆረሳል። የተሠራውም ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው እዚያው ከተቀመጡት ወደ አንዷ ቤት ነው።

ሥራው ብዙ ዕቃ አይፈልግም። ሹራብ በሁለት መርፌ ይሠራል። ለዳንቴል ጫፏ እንደ መንጠቆ የታጠፈች አንዲት ኪሮሽ ትበቃለች። ለቀጭን የጥጥ ክር ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነች የብረት ኪሮሽ ትመረጣለች፤ ለሱፍ ክር 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር። ክሩን በቀለበት ውስጥ ጎትቶ ሌላ ቀለበት ማውጣት፣ ከዚያ እንደገና፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሁሉም በአንዲት የመጨረሻ ቀለበት ስለሚያዝ፣ ስህተት ከተገኘ ኪሮሿን አውጥቶ ክሩን መሳብ ብቻ ነው። የሁለት ቀን ሥራ በአንድ ደቂቃ ይተረተራል። ጀማሪን ያስለቅሳል። ለቆጣቢ ግን ሀብት ነው፤ ልጁ ያደገበት ሹራብ ይተረተራል፣ ክሩ ታጥቦ ተወጥሮ ይደርቃል፣ ይጠቀለላል፣ ለታናሹ ኮፍያ ይሆናል።

ሙያው የመጣው ከውጭ ነው። በአውሮፓ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ በ1840ዎቹ የድንች ረሃብ ጊዜ ለብዙ የአየርላንድ ቤተሰቦች የዕለት ጉርስ ማግኛ ሆኖ ነበር። እዚህ ሲደርስ ሌላ የጥጥ ሙያ ቆይቶታል። በእኛ አገር ልማድ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሥራ ነው፤ የሽሮ ሜዳን ነጠላና ጋቢ የሚሠሩት ሸማኔዎች ወንዶች ናቸው። ዳንቴል በሴቶች በኩል ገባና እዚያው ቀረ። ለምን እንደሆነ ብትጠይቁ አሳማኝ መልስ የሚሰጥ የለም። እስር ቤት ውስጥ ጊዜ የተረፋቸው ወንዶች ኮፍያና ሹራብ ሲሠሩ እጃቸው ምንም አላነሰም።

አንድ ዘመን ላይ ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ አልነበረም። ብፌው፣ ሬዲዮው፣ የሶፋው መደገፊያና ክንዱ፣ ፍሪጁ፣ የቤት ስልኩ ሳይቀር ይሸፈናል። የክብር ቦታው ግን ቴሌቪዥኑ አናት ላይ ነበር። ጫፉ ወደ ፊት እንዲንጠለጠል ተደርጎ ይነጠፋል፤ ዜና ሲጀምር ገለጥ ይደረጋል። ቆሞ እንዲቀር የተፈለገ ዳንቴል ስኳር ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይደርቃል። ስኳሩ ከበዛ ታዲያ ጉንዳን ይሰበስባል። ዳንቴልን ከሳሎን ያስወጣው የፋሽን ለውጥ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ስስ ቴሌቪዥን ነው ባይ ነኝ። አናቱ ላይ ምንም አይቀመጥም።

ከሳሎን የወጣው ዳንቴል ልጅ ላይ ነው ያረፈው። ዛሬ ጓደኛ ለጓደኛ ከምትሠራቸው ነገሮች ቀዳሚው ለአራስ ቤት የሚሄደው ነው፤ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ትንሽ ሹራብ፣ ነጭ መጠቅለያ። እዚህ ላይ ቀጠሮው የጠነከረ ነው። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ስለዚህ ሴት ስትወለድ ኪሮሽ የያዘችው ጓደኛ እጥፍ ጊዜ አላት፤ ወንድ ሲወለድ ሌሊትም ይሠራል። አራስ ጠያቂ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ስትገባ በአንድ እጇ ዳንቴሉን፣ በሌላው አጥሚቱን ወይም ገንፎውን ይዛ ነው።

ምግቡም የራሱ ሕግ አለው። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ልጆች ቤት ናቸው፣ ሰውነት የሚያሞቅ ነገር ይፈልጋል። ያኔ ነው ጨጨብሳ የሚታሸው፣ ገንፎ የሚገነፋው፣ ሽሮ ተጋቢኖ በሸክላ ሆኖ እየተንተከተከ የሚቀርበው። ከትናንት የተረፈች እንጀራም ፍርፍር ትሆናለች፤ እኔ ከሁሉም የማስቀድመው እሷን ነው።

ነገር ግን ቅቤና ነጭ ክር አይዋደዱም። በርበሬ ደግሞ አንዴ ከነካ ነካ ነው። ለዚህ ነው ኪሮሽ በእጅ እያለ የሚበላው ሁሉ ደረቅ የሆነው፤ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ብስኩት። ጨጨብሳው የሚመጣው ክሩ ተጠቅልሎ ፌስታሉ ከተቋጠረ በኋላ ነው። ከዚያ እጅ ይታጠባል፣ ጉርሻው ይጀመራል። «እጅሽ ይባረክ» የሚለው ምርቃት ለዳንቴሉም ለወጡም ይሠራል።

ጾም ሌላው ወሳኝ ነገር ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም 55 ቀን የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም ሲመጣ፣ ቅቤ ያለው ስጦታ ለጾመኛ ጓደኛ አይሄድም። በምትኩ ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ከኬክ ቤት የተገዛ የጾም ኬክ ይሄዳል። በረመዳን ደግሞ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ሳምቡሳና ሾርባ ከሙስሊም ጎረቤት ቤት ይመጣል። በብዙ ቤት ሳህኑ ባዶውን አይመለስም። ብርቱካንም ቢሆን ይቀመጥበታል።

በዓላቱ ለቤት ውስጥ ስጦታ የታወቀ ቦታ ሰጥተዋል። ነሐሴ 13 ቡሄ ሲሆን ሆያ ሆዬ ለሚጨፍሩ ልጆች ሙልሙል ይጋገራል፤ የክርስትና እናትም ለልጇ ሙልሙል ታዘጋጃለች። መስከረም 1 ቀን ልጆች በየደጁ እየዞሩ አበባና ራሳቸው የሣሉትን ሥዕል ይሰጣሉ፣ ብር ይቀበላሉ። የታተመ ካርድ ከሱቅ ገዝቶ የሚዞር ልጅም አለ። እሱ ንግድ ነው። ለትልቅ በዓል ደግሞ በኮባ ቅጠል የተጋገረ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፤ ከላይ የሚነድበት ከሰል በኤሌክትሪክ ምጣድ ከተተካ ቆይቷል፣ መብራት እስካልሄደ ድረስ።

ይህ ሁሉ የቆመው በቅርበት ላይ ነበር። ግድግዳ ለግድግዳ የሚገናኝ ቤት፣ የጋራ ግቢ፣ «ቡና ጠጡ» ሲባል የሚሰማ ጆሮ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳን፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስን ያነሳው የኮሪደር ልማት ይህን በትኖታል። ከዚያ በፊትም ኮንዶሚኒየም ብዙ ሰው ወደ ጀሞና የካ አባዶ ወስዷል። ጓደኝነቱ አልተቋረጠም፤ ስጦታው ግን ተቀየረ። ተጋቢኖ ታክሲ አይሳፈርም። ስለዚህ የሚላከው መንገድ የሚችል ነገር ሆኗል፤ የሽሮ ዱቄት፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በተነጠረ ቅቤ ስለሚለወስ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ጭቆ። ዳንቴልም ከዚሁ ወገን ነው፤ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል።

ወጣቶቹ ኪሮሽን በቲክቶክና በዩቲዩብ እየተማሩ ነው። የብፌ ልብስ አይሠሩም። ቦርሳ፣ ባርኔጣ፣ የአንገት ልብስ፣ በጥጥ የተሞላ ትንሽ አሻንጉሊት ይሠራሉ፤ በቴሌግራም ይሸጣሉ። ገበያው ጥሩ ነው፤ አስቸጋሪው ደንበኛ ጓደኛ ነው። የሦስት ቀን ሥራን «ስንት አደረግሽልኝ?» ስትል ዋጋ መጥራት ያሳፍራል፣ አለመጥራትም ያከስራል። ብዙዎቹ መላ አግኝተውለታል። ጓደኛ ክሩን ራሷ ገዝታ ታመጣለች፣ የእጅ አይከፈልም። ክር ይዛ የመጣች ደግሞ ቡናውንም ይዛ እንድትመጣ ይጠበቃል።