የሙዚየም ሥዕሎችን በገዛ ገላ ዳግም መሥራት

አንዳንድ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሙዚየም ውስጥ ያለ የታወቀ ሥዕል ይመርጡና ራሳቸው ገብተውበት ይነሣሉ። ሜካፕ ይቀባሉ፣ ዊግ ያደርጋሉ፣ ካሜራ ፊት ይተውናሉ። አቀማመጡ እንዳለ ይቀራል፤ ገላው ይለወጣል። ያኔ ሥዕሉ ስለ ሴትና ስለ ወንድ ዝም ብሎ ያሳለፈው ነገር ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

በዚህ ሥራ ስሙ ቀድሞ ከሚነሣው አንዱ በ1951 (እ.ኤ.አ.) ኦሳካ ውስጥ የተወለደው ጃፓናዊው ያሱማሳ ሞሪሙራ ነው። በ1985 ጆሮው በፋሻ የታሰረውን ሆላንዳዊውን ሠዓሊ ቫን ጎህን ሆኖ ተነሣ። ደጋግሞ ማየት የሚገባው ግን በ1988 የሠራው «ፉታጎ» (በጃፓንኛ «መንታ») የተባለው ፎቶ ነው።

መነሻው የፈረንሳዊው ሠዓሊ የኤዱዋር ማኔ «ኦሎምፒያ» ነው። ማኔ በ1863 የሣለው ይህ ሥዕል በ1865 ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ሲቀርብ ብዙ ሰው ተቆጣ። ራቁቷን የተጋደመችው ሴት አንገቷን አልደፋችም፤ ተመልካቹን ፊት ለፊት ታየዋለች። ጥቁር አገልጋይዋ እቅፍ አበባ ይዛ ቆማለች፤ በተጋደመችው ሴት እግር አጠገብ ጥቁር ድመት አለች። ሥዕሉ ዛሬ ፓሪስ፣ ኦርሴ ሙዚየም ይገኛል።

ሞሪሙራ አልጋው ላይ ራሱ ተጋደመበት። በድመቷ ቦታ ጃፓን ውስጥ ሱቅ በር ላይ የሚቀመጠው፣ መዳፉን ያነሣው የገድ ድመት ገብቷል። ከሥሩ የተነጠፈው ጨርቅም ኪሞኖ፣ የጃፓን የባህል ልብስ፣ ሆኗል። ደረቱ የወንድ ደረት ነው፤ አልደበቀውም። እጁ ግን ልክ እንደ ኦሎምፒያ እጅ ጭኑ መሐል አርፏል። አገልጋይዋም እሱው ነው።

አንድ ሰው እመቤትም አገልጋይም መሆን ከቻለ፣ ሁለቱን የለያቸው ተፈጥሮ ሳይሆን የተሰጣቸው ቦታ ነው ማለት ነው። እኔ እንዲህ ነው የማነበው። ቢሆንም ፊትን አጥቁሮ ጥቁር ሴት መሆን ብዙ ቁስል ያለበት ነገር ነው፤ በዝምታ ማለፍ ይከብደኛል። ለማኔ ሞዴል የሆነችው ሎር የምትባል ጥቁር ሴት ነበረች። እዚህ ፎቶ ውስጥ እሷ የለችም።

አሜሪካዊቷ ሲንዲ ሸርማን ደግሞ ከ1988 እስከ 1990 ተመሳሳይ ፎቶዎችን ሠርታለች። ሮም ስትኖር እንኳ ወደ ሙዚየሞቹ አልሄደችም፤ የሠራችው መጽሐፍ ላይ የታተሙ ሥዕሎችን እያየች ነው። በአንዱ ፎቶ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ካራቫጆ የሣለውን የታመመ ባኮስ፣ የወይን ጠጅ አምላክ፣ ሆናለች። ካራቫጆ ያንን ሥዕል የሣለው በራሱ መልክ እንደሆነ ይታመናል። ስለዚህ ሴቷ የተጫወተችው አምላክ ሆኖ የተጫወተን ወንድ ነው። በሌላው የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የዣን ፉኬን ድንግል ማርያም ስትሆን ደረቷ ላይ ሰው ሠራሽ ጡት አድርጋለች፤ ሰው ሠራሽነቱም በግልጽ ያስታውቃል። ፉኬ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የሣለው ጡትም እንደ ኳስ ድቡልቡል ብሎ ደረት ላይ የተለጠፈ መሆኑን ልብ የምንለው ያኔ ነው።