«ቤድ ታውን» ምንድን ነው? የናጋሬያማ ነገር

ጃፓኖች «ቤድ ታውን» የሚሉት ነገር አለ። ሁለቱም ቃላት የእንግሊዝኛ ናቸው፤ ያጣመሯቸው ግን ራሳቸው ጃፓኖች ናቸው። በእኛ «የመኝታ ከተማ» ብንለው ያስኬዳል። ሰው የሚያድርባት እንጂ የሚውልባት ከተማ አይደለችም። ነዋሪው ጠዋት ባቡር ይዞ ወደ ትልቁ ከተማ ይሄዳል፣ ማታ ተመልሶ ይተኛል። ቀን ላይ ከተማው ውስጥ ያለው ሰው ሌሊት ከሚያድረው ያንሳል። የመኝታ ከተማ የምትለየውም በዚሁ ነው።

እንዲህ ያሉ ከተሞች የበዙት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ኢኮኖሚው ሲመነደግ ወጣቱ ከገጠር ወደ ቶኪዮና ኦሳካ ጎረፈ። ቤት ጠፋ፣ የተገኘውም ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ኦሳካ አጠገብ ሴንሪ፣ ቶኪዮ አጠገብ ታማ የሚባሉ ትልልቅ አዳዲስ ሰፈሮች ተገነቡ። ርቀቱም ሰዉን ብዙ አላስፈራውም። ጃፓን ውስጥ አብዛኛው አሠሪ የሠራተኛውን የባቡር ወጪ ይሸፍናልና።

እኔ ግን የመኝታ ከተማን ነገር በደንብ የምታስረዳው ናጋሬያማ ናት ባይ ነኝ። ቺባ ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ከቶኪዮ መሀል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በኤዶ ወንዝ ዳር ትገኛለች። ድሮ የምትታወቀው በሚሪን ነበር፤ ሚሪን ከሩዝ የሚጠመቅ ጣፋጭ የወጥ ቤት መጠጥ ነው፣ ምግብ ውስጥ ይጨመራል። በጀልባ ተጭኖ በወንዙ ወደ ቶኪዮ ይወርድ ነበር። የቅርቡ ታሪኳ ግን ባቡር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 ጃፓን አንድ ሕግ አወጣች። አዲስ የባቡር መስመርና አዲስ የመኖሪያ ሰፈር አንድ ላይ ይታቀዱ የሚል ነው። አሠራሩ ደስ ይላል። በመስመሩ ዳር መሬት ያለው ሰው ከይዞታው ከፊሉን ለመንገድ፣ ለመናፈሻና ለባቡሩ ይለቃል። የቀረው መሬት ያንሳል፣ ግን ባቡር ስለሚደርሰው ዋጋው ይጨምራል። በዚህ መንገድ የተሠራው 58 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የፁኩባ ኤክስፕረስ መስመር እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2005 ተከፈተ። ጫካና እርሻ የነበረው ቦታ ላይ ናጋሬያማ ኦታካኖሞሪ የሚባል ጣቢያ ቆመ። «ኦታካኖሞሪ» የጭልፊት ጫካ ማለት ነው፤ እዚያ ጫካ ውስጥ ጎጆ ለሚሠራው ጭልፊት የወጣ ስም ነው። ከዚያ ጣቢያ ፈጣኑን ባቡር የያዘ ሰው በ25 ደቂቃ አካባቢ ቶኪዮ፣ አኪሃባራ ይደርሳል።

ባቡር ብቻውን ግን ከተማ አያሳድግም። በዚያው መስመር ላይ ሌሎችም ከተሞች አሉ። ናጋሬያማ ያደረገችው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2003 ኢዛኪ ዮሺሃሩ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። ከዚያ በፊት አሜሪካ ውስጥ በከተማ ፕላን ሙያ ሠርተዋል። ማዘጋጃ ቤቱ የማርኬቲንግ ክፍል አቋቋመ፣ ማንን እንደሚፈልግም ለየ፦ ሁለቱም የሚሠሩ፣ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት። ቶኪዮ ባቡር ጣቢያዎች ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «እናት የምትሆኚ ከሆነ፣ ናጋሬያማ»።

መፈክር መለጠፍ ቀላል ነው። ከባዱ ጠዋት ነው። አንዲት እናትን አስቡ። ለልጇ ቦታ የተገኘው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ባለ መዋዕለ ሕፃናት ነው። ባቡር ጣቢያው ደግሞ ወዲህ ነው። ልጁን አድርሳ፣ ተመልሳ፣ ባቡር ይዛ ቢሮ በሰዓቱ መግባት አለባት። ማታ እንደገና በተቃራኒው። በዚህ ምክንያት ሥራ የሚያቆሙ እናቶች ብዙ ነበሩ።

ናጋሬያማ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ጣቢያው አጠገብ የልጆች መቀበያ ከፈተች። እናት ወይም አባት ልጁን እዚያ ያስረክባሉ፣ ባቡራቸው ላይ ይወጣሉ። ልጆቹን አውቶቡስ በየመዋዕለ ሕፃናታቸው ያደርሳል፣ ማታም እዚያው ጣቢያ ይመልሳቸዋል። ክፍያው በቀን 100 የን ነው፤ በወር ቢበዛ 2000 የን። ጥቅሙ ለወላጅ ብቻ አይደለም፣ ከጣቢያ የራቁት መዋዕለ ሕፃናትም ልጅ አገኙ። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሰው ከተማ የሚመርጠው ጠዋት ጠዋት በሚያተርፋት ግማሽ ሰዓት ነው።

ውጤቱ በቁጥር ታየ። እ.ኤ.አ. በ2005 የነዋሪው ቁጥር 150 ሺህ ገደማ ነበር፤ በ2020 200 ሺህ ተጠጋ። የጃፓን ሕዝብ ግን ከ2008 ወዲህ እየቀነሰ ነው የመጣው። ከ2016 እስከ 2021 ድረስ ናጋሬያማ በሕዝብ እድገት ፍጥነት ከጃፓን ከተሞች አንደኛ ሆና ቆየች።

ዋጋም አስከፍሏታል። ልጅ ሲበዛ ክፍል ጠበበ፣ አዳዲስ ትምህርት ቤቶች መሥራት ግድ ሆነ። የጭልፊቱ ጫካም ከፊሉ ለቤት ተመንጥሯል። ከሁሉም የሚያሳስበው ግን የዕድሜ ነገር ነው። ታማ እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያዎቹን ነዋሪዎች ሲቀበል እነሱም ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ። አብረው ገቡ፣ አብረው አረጁ። ሊፍት የሌለው አምስት ፎቅ ላይ ዘንቢል ይዞ መውጣት ለ80 ዓመት ሰው ምን ማለት እንደሆነ ታማ ያሉት ያውቁታል። ናጋሬያማም ብዙ ሰው በተመሳሳይ ዕድሜ ነው የተቀበለችው።

አሁን ደግሞ የቀን ሥራም እየመጣላት ነው። አውራ ጎዳናው አጠገብ ግዙፍ የዕቃ መጋዘኖች ተሠርተዋል። ግቢያቸው ውስጥ የሠራተኛ ልጆች ማቆያ አለ። እዚያ የምትሠራ እናት ጠዋት የቶኪዮን ባቡር አትጠብቅም።