የመንግሥት ጉዳዮች አማካሪ ምንድን ነው?

የአንዳንድ አሜሪካዊ ጠበቆችን የሥራ ታሪክ ስታነቡ እንዲህ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ፦ የሕግ ትምህርት፣ ጥብቅና፣ ጥቂት ዓመታት በግዛት ምክር ቤት፣ ከዚያ «የመንግሥት ጉዳዮች አማካሪ»። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ግልጽ ናቸው። አራተኛው ግን ማንን ነው የሚያማክረው?

ስሙ ያሳስታል፤ መንግሥትን የሚያማክር ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያማክረው ግን መንግሥት ዘንድ ጉዳይ ያለውን ነው። ሆስፒታል ሊሆን ይችላል፣ የመብራት ኩባንያ፣ የመምህራን ማኅበር፣ የከተማ አስተዳደር ሳይቀር። እኛ አገር ጉዳይ ገዳይ የምንለው ሰው አለ አይደል፣ ፋይሉ የትኛው ቢሮ፣ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደቆመ የሚያውቅ? ሥራው ለሱ ይቀርባል። ልዩነቱ፣ ይሄኛው ሕግ የሚያውቀው ሙያ ነው። ሎቢስት፣ ማለትም ለደንበኛው ጥቅም ሕግ አውጪዎችንና ባለሥልጣናትን የሚያግባባ፣ ሆኖ ሲሠራ ይመዘገባል፣ ደንበኞቹን ያሳውቃል። መንግሥት ፊት አቤት ማለት ራሱ በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ የተጠበቀ መብት ነው።

የቀድሞ የምክር ቤት አባል ለምን ይፈለጋል? ቴክሳስን እንይ። ምክር ቤቱ በመደበኛነት የሚሰበሰበው በሁለት ዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ለ140 ቀን ነው። የአባሉ ደመወዝ በወር 600 ዶላር ነው። ውሎ አበል ቢኖረውም በዚህ ቤተሰብ አይተዳደርም፤ ስለዚህ ጠበቃው ቢሮውን ሳይዘጋ ነው ሕግ የሚያወጣው። በነዚያ ቀናት በሺዎች የሚቆጠሩ ረቂቆች ይገባሉ፣ አብዛኞቹም ሕግ ሳይሆኑ ይቀራሉ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አንዱን ረቂቅ ለውይይት ካልጠራው አለቀለት። የትኛው ሰብሳቢ ምን እንደሚሰማ፣ ጽሑፉን የሚያረቅቀው ሠራተኛ ማን እንደሆነ፣ የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሚያልፍ የሚያውቀው እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው።

ጠበቃ መሆኑ ደግሞ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ረቂቁ «ፋብሪካው ውኃውን በየወሩ ማስመርመር አለበት» ይላል እንበል። አማካሪው ሙሉ ሕጉ ይውደቅ አይልም። «አለበት» የምትለዋ ቃል «ይችላል» እንድትሆን ብቻ ይጠይቃል። ሕጉ ይጸድቃል፣ ዜናውም ጸደቀ ይላል፣ ፋብሪካው ግን ግዴታ የለበትም። ገንዘቡ የሚከፈለው ለዚች አንድ ቃል ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ዕውቀቱ የተገኘበት መንገድ ነው። ሰውየው ይህን ሁሉ የተማረው ሕዝብ መርጦ አስገብቶት ነው። ዛሬ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ነገ ሊቀጥረው የሚችለውን ኩባንያ ማስቀየም አይፈልግ ይሆናል። ለዚህ ነው የማቆያ ጊዜ የሚባለው ነገር የመጣው። በፌዴራል ደረጃ ከወንበሩ ከተነሣ በኋላ ሴናተር ለ2 ዓመት፣ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ለ1 ዓመት ኮንግረስን ሎቢ ማድረግ አይችልም። ፍሎሪዳ በ2018 በሕዝብ ድምፅ 6 ዓመት አድርጋዋለች፣ ሥራ ላይ የዋለው በ2022 መጨረሻ ነው። እኔ ስድስቱን ነው የምደግፈው። ያም ሆኖ ቀዳዳ አይጠፋም፦ የፌዴራሉ ሕግ ስልክ ደውሎ መለመንን ይከለክላል እንጂ ከኋላ ተቀምጦ ለማን እንደሚደወል መምከርን አይከለክልም።

የኛን ሰዎች በቀጥታ የነካ ጉዳይ ነው። በ2014 የዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ነጂዎች፣ ብዙ ሐበሾች ያሉበት ሥራ ነው፣ በስልክ መተግበሪያ ሹፌርና ተሳፋሪ የሚያገናኘውን ኡበርን መንገድ ዘግተው ክላክስ እያስጮሁ ተቃወሙ። ኡበር በበኩሉ ሎቢስቶች ነበሩት። በዚያው ዓመት የከተማው ምክር ቤት እንደ ኡበር ያሉትን የሚፈቅደውን ሕግ አጸደቀ።

ክላክሱ ምክንያት ነበረው፣ ግን ረቂቁ ላይ ያለው ቃል የሚቀየረው ኮሚቴው ጋ ነው። እዚያ ለመናገር ደግሞ አማካሪ መቅጠር ግድ አይደለም። ቴክሳስ ውስጥ የኮሚቴ ስብሰባ ላይ መመስከር የፈለገ ሰው ቅጽ ይሞላል፦ ትደግፋለህ ወይስ ትቃወማለህ፣ ማንን ነው የምትወክለው? የኩባንያ ስም በሚጻፍበት ቦታ «ራሴን» ብሎ መሙላት ይቻላል።