በገበያ ማዕከል ፓርኪንግ በአርቪ ማደር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ባለው መኪና (አርቪ) ረጅም መንገድ የሚጓዙ ሰዎች ሲመሽባቸው በትልልቅ መደብሮች ፓርኪንግ ማደራቸው የቆየ ልማድ ነው። ሌሊት መስኮት ተንኳኩቶ «ተነሱ» የሚባልበት ጭቅጭቅ በአብዛኛው ከሚከተሉት እምነቶች ይጀምራል።

«ዋልማርት የትም ቦታ ያሳድራል»

የመደብሮች ባለቤት የሆነው ይህ ኩባንያ አርቪዎችን በጅምላ አልከለከለም፤ በጅምላም አልፈቀደም። ውሳኔውን ለየመደብሩ ማናጀር ትቶታል፤ ማናጀሩም ቦታ መኖሩንና የአካባቢውን ሕግ ያያል። አጎራባች ከተሞች ያሉ ሁለት መደብሮች የተለያየ መልስ ቢሰጡ አይግረምዎ። የአምና ፈቃድም ዘንድሮ አይሠራም።

ቀን ደውለው ማናጀሩን በቀጥታ ያነጋግሩ። የመኪናውን ርዝመት በጫማ (foot)፣ የሚያድሩት አንድ ሌሊት ብቻ መሆኑንና ጠዋት የሚወጡበትን ሰዓት ይንገሩ፤ የት ጥግ እንደሚቆሙ ይጠይቁ፤ የፈቀደልዎትን ሰው ስምና ሰዓቱን ይጻፉ። ከ2020 ወዲህ አብዛኞቹ የዋልማርት መደብሮች ማታ 11 ሰዓት (በአሜሪካ ሰዓት) ይዘጋሉ። እኩለ ሌሊት የደረሰ ሰው የሚጠይቀው አያገኝም።

«ማናጀሩ ከፈቀደ ፖሊስ ምን አገባው?»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፈቃዱ የሦስት አካላት ነው፦ የመደብሩ፣ የመሬቱ ባለቤትና የከተማው። መደብሩ ተከራይ ከሆነ ፓርኪንጉን የሚያዝበት አከራዩ ነው፤ የጥበቃና የጎታች ድርጅቱንም የሚቀጥረው እሱ ሊሆን ይችላል። መኪና ውስጥ ማደርን የሚከለክል የከተማ ደንብ ካለ ደግሞ ማናጀሩ ያንን ደንብ የማንሳት ሥልጣን የለውም። ለማናጀሩ ከደወሉ በኋላ ለከተማው ፖሊስ ድንገተኛ ላልሆነ ጉዳይ በተመደበው ቁጥር (911 አይደለም) ደውሎ ማጣራት አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

«ሌሎችም ቆመዋል፤ የከለከለ ምልክት የለም»

ሌሎቹም ሳይጠይቁ ገብተው ሊሆን ይችላል። ምልክቱን ደግሞ መብራቱ ሥር ሳይሆን መግቢያው ላይ ይፈልጉት። በካሊፎርኒያ ሕግ የመጎተት ማስጠንቀቂያ በየመግቢያው የሚሰቀል ሲሆን፣ የምልክቱ መጠን ቢያንስ 17 በ22 ኢንች፣ የፊደላቱ ቁመትም ቢያንስ 1 ኢንች ይሆናል። እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ጎታቹ ከግቢው ሳይወጣ ከደረሱበት መኪናውን መልቀቅ አለበት፤ የሚያስከፍለውም ከመደበኛው የመጎተቻ ዋጋ ከግማሽ አይበልጥም። የሌሎች ስቴቶች ሕግ ይለያያል።

«ዕቃ ገዝቻለሁ፤ ሊያስወጡኝ አይችሉም»

ደረሰኝ የማደሪያ ፈቃድ አይደለም። «ውጡ» ተብሎ እምቢ ማለት በሰው ንብረት ላይ ያለፈቃድ መገኘት ተብሎ ያስከስሳል። ሌሊት ተነሱ ሊባል ስለሚችልም መንዳት ከሚችሉት አንዱ መጠጥ ሳይቀምስ ይደር።

«አንዴ ከቆምኩ እንደ ካምፕ ነው»

ባለመደብሮችን ያስመረረው ይሄ ነው። በሙቀት የላላ አስፋልት ላይ ክሪክ (የቆመውን አርቪ ደልድሎ የሚይዘው እግር) ሲያርፍ ይሰምጣል፤ ጠዋት ጉድጓድ ትቶ ይነሳል። ክሪክ አያውርዱ፣ ጥላ አይዘርጉ፣ ወንበርና የከሰል ምድጃ አያውጡ። ክፍሉን ለማስፋት ወደ ውጭ የሚንሸራተተው የመኪናው ግድግዳ የግድ መከፈት ካለበት፣ መኪና በማያልፍበት በኩል ብቻ ይሁን።

ጄኔሬተርም ለአንድ ሌሊት አያስፈልግም። 100 አምፒር-ሰዓት የሆነ የተለመደ የአሲድ ባትሪ ሳይጎዳ ግማሹን ይሰጣል። የማሞቂያው ማራገቢያ 7 አምፒር ገደማ ቢስብና ከ8 ሰዓት ግማሹን ቢሠራ 28 ይወስዳል፤ የቀረው ለመብራት ይበቃል። ኤርኮንዲሽነር ግን በዚህ ባትሪ አይታሰብም። ጄኔሬተር ለማስነሳት ከተገደዱ መጀመሪያ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚውን ይፈትሹ፤ ጋዙ ሽታ የለውም፣ አጠገብዎ በቆመው መኪና መስኮትም ይገባል።

«የሳህን እጣቢ ብቻ ነው፤ ቢፈስ ምን አለው?»

የፓርኪንጉ የዝናብ መውረጃ በአብዛኛው ሳይጣራ ወንዝ ይገባል። ማፍሰሱ ያስቀጣል። በርካታ የከባድ መኪና ማረፊያዎች በክፍያ የሚደፋበት ቦታ አላቸው።

«ካልሆነ የአውራ ጎዳና ማረፊያ አለ»

አለ፤ የሰዓቱ ገደብ ግን እንደ ስቴቱ ነው። ቴክሳስ 24 ሰዓት፣ ካሊፎርኒያ 8 ሰዓት ይፈቅዳሉ። ፍሎሪዳ 3 ሰዓት ብቻ ስለሆነ እዚያ ሌሊቱን ሙሉ ለመተኛት አይሆንም።