የአዋቂዎች የስሜት ሕዋሳት ምዘና በኦኩፔሽናል ቴራፒ

አንዳንድ ሰው ጆሮው ደህና ነው፣ ዓይኑም በደንብ ያያል። ግን ሰው በበዛበት ቢሮ ሥራ አይገፋለትም። የሸሚዙ ስፌት ቀኑን ሙሉ ይከነክነዋል። የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ተግባሩን እንዲወጣ የሚያግዝ ሕክምና) ባለሙያ ዘንድ ሲሄድ የሚታይለት አንጎሉ ከጆሮ፣ ከቆዳና ከአፍንጫ የሚመጣለትን መልእክት እንዴት እንደሚያስተናግድ ነው። የሰውነት ሚዛንና እንቅስቃሴም አብረው ይታያሉ።

የዚህ ምዘና መሠረት የአሜሪካዊቷ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ የጂን አይረስ ሥራ ነው። እሷ ግን በዋናነት ያተኮረችው በልጆች ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የዚሁ ሙያ ሰዎች የሆኑት ካታና ብራውንና ዊኒ ደን ከ11 ዓመት ጀምሮ ላሉ ሰዎች የሚሆን መጠይቅ አሳተሙ። 60 ጥያቄዎች አሉት። መላሹ ራሱ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል።

ውጤቱ በአራት ይከፈላል። መልእክቱ ዘግይቶ የሚደርሳቸው አሉ፤ ስማቸው ሁለቴ ሦስቴ ካልተጠራ አይሰሙም። ድምፅ፣ ቅመምና እንቅስቃሴ ፈልገው የሚሄዱም አሉ። ሦስተኛዎቹ ጫጫታው እየረበሻቸው እዚያው ይቀመጣሉ፤ አራተኛዎቹ ተነሥተው ይወጣሉ። አንድ ሰው በሁለት በሦስቱ ከፍ ያለ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል። ነጥቡ ከእድሜ እኩዮቹ ጋር ይነጻጸራል እንጂ ብቻውን በሽታ አለ አያሰኝም።

መጠይቁ ብቻውን አይበቃም። አዋቂ ሰው ችግሩን የሚሸሽበትን ዘዴ ለዓመታት ተክኖበታል። ገበያ በማለዳ ይወጣል፤ ሠርግ ላይ በር አጠገብ ይቀመጣል። ጠይቀውት «ደህና ነኝ» ቢል አልዋሸም። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ውሎውን ከጠዋት እስከ ማታ ያስተርከዋል፤ ከተቻለም ሥራ ቦታው ሄዶ ያያል። እኔ ከምዘናው ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ የውሎ ጥናት ነው። ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ማዞር ወይም የእረፍት ሰዓቱን መቀየር ይበጀው እንደሆነ የሚታወቀው ከዚህ ነውና።

በአማርኛ ሲሆን ደግሞ አንድ ጣጣ አለ። «ስሜት» የምንለው ለቆዳም ለልብም ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚሠራ አስተርጓሚ ቸኩሎ «ስሜታዊ ነዎት?» ካለ፣ ተጠያቂዋ ግልፍተኛ የተባለች ሊመስላት ይችላል። «ዕጣን ሲጨስ ከክፍሉ ይወጣሉ?» «ሬዲዮ ተከፍቶ ከሰው ጋር ማውራት ይከብድዎታል?» ብትባል ግን ወዲያው ትመልሳለች።