ኬቪ ኪሎቮልት አይደለም

ጎንደር ባለነው የድሮን ልጆች መሃል ሰሞኑን ስለ ሞተር አንድ ጥያቄ ተደጋግሟል፦ «19,000 ኬቪ ከ8,000 ኬቪ ይበልጣል አይደል?» ቁጥሩ አዎ፤ ጉልበቱ አይደለም።

ኬቪ የሚነግረን ሞተሩ ያለ ፕሮፔለር በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ነው። በቃ። የ0802 ሞተር (0802 መጠኑ ነው፤ ከታች እመጣበታለሁ) 19,000 ኬቪ ቢሆን፣ ሙሉ በተሞላ ባለ አንድ ሴል ባትሪ (4.2 ቮልት) 79,800 ዙር ይመጣል። 1103 ባለ 8,000 ኬቪ ደግሞ በሁለት ሴል (8.4 ቮልት) 67,200። ያን ያህል አይራራቁም! 19,000ውን በሁለት ሴል ሞክሬ ሳሎኑን በጭስ ስሞላው ግን እናቴ «ምን ተቃጠለ?» እያለች ከጓዳ ወጣች።

0802 ማለት ውስጥ ያለው፣ መዳብ የተጠመጠመበት ብረት ስፋቱ 8፣ ቁመቱ 2 ሚሊሜትር ነው። የውጭ ቆቡን ለክታችሁ «ተሸወድኩ» አትበሉ። ጉልበት በዋናነት የሚመጣው ከዚህ መጠን ነው።

የኬቪና የቮልት ስሌቱ የትም ያው ነው። ፕሮፔለር ሲገባ ግን ዙሩ ይወርዳል፤ ምን ያህል እንደሚወርድ እንደ ፕሮፔለሩና እንደ ባትሪው ይለያያል። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ያው ፕሮፔለር በዚያው ዙር ጅቡቲ ላይ የሚያነሳውን ያህል እዚህ አያነሳም።